ከኋላ የመጣው አዝማች

ኩብራ ስትናደድ መርፌ አትነካም ነበር። ገና አሊዩ አምባ እናቷ ቤት ሳለች፣ ተቆጥታ የሰፋችው ቀሚስ ብብቱ ላይ ተጣሞ የቀሚሱ ባለቤት መልሳባታለች። ከዚያ ወዲህ ቁጣዋ ሲመጣ የስፌት መኪናዋን ጎማ በመዳፏ ገታ አድርጋ ትነሳና ወይ ድስት ትፈትጋለች፣ ወይ ግቢዋን ትጠርጋለች። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መስከረምና ጥቅምት ግን ደብረ ብርሃን ያለው ግቢዋ ከመጠረግ ብዛት አፈሩ አልቆ ድንጋዩ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሮ ነበር። ጎረቤቷ ይመኙሻል በአጥሩ ቀዳዳ እያየች፣ «ኧረ ኩብራዬ፣ መሬቱን ተይው፤ እሱ ምን አደረገሽ?» ትላት ነበር።

ምን እንዳናደዳት ለመናገር ከሳሎኗ መጀመር ያስፈልጋል።

ባሏ ዓወል የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ንጉሡ በወረዱ ሰሞን፣ መንገድ ሲያሠራ የቆየ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ አገሩ ሊገባ ዕቃውን አስጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ያደረሰለት ዓወል ነው። ፈረንጁ መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ቴፕና አራት ስፒከር ከመኪናው ሳያስወርድ ቀረ። «ይሄ ያንተ ነው፤ ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ሁለቱን እዚህ ሁለቱን እዚያ እንዲሸጥብኝ አልፈልግም» አለው። ቴፑ እንደሌላው ሰው ቴፕ በካሴት የሚሠራ አልነበረም። ክሩ ሰሃን በሚያካክሉ ሁለት ጥቅሎች ላይ ይዞራል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ስፒከሮቹ ነበሩ። አራቱም አንድ ዓይነት ነገር አይናገሩም። ሁለቱ ከፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ሁለቱ ከጀርባ፤ አድማጩ ወንበሩን መሀል ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ድምፁ ከግድግዳ መምጣቱ ይቀርና ሰው ዙሪያውን የከበበው ይመስላል።

መጀመሪያ ቀን ፈረንጁ የተወውን አንድ የሙዚቃ ክር ከፈቱ። ይመኙሻል ተጠርታ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሙዚቃው ሲያልቅ ከኋላዋ ብዙ ሰው አጨበጨበ። ይመኙሻል ነጠላዋን ሰብስባ ብድግ አለችና፣ «ኖር!» ብላ ወደ በሩ ዞረች። ማንም የለም። ዓወል ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ግድግዳ ተደገፈ። እሷም ተናዳ ወንበሩን በእግሯ ገፋችው። ከዚያ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምትገኘው እሷ ሆነች።

ዓወል የመጀመሪያውን ቀን ሌሊት ሲያስብ አድሮ በማግስቱ ለኩብራ አንድ ሐሳብ አመጣ።

«መንዙማ በዚህ ነበር መደመጥ ያለበት» አላት። «በሬዲዮ ስትሰሚው ሁሉም ሰው ባንድ ጆንያ የታጨቀ ነው የሚመስለው። ሰው ተሰብስቦ መንዙማ በሚልበት ሀድራ ላይ ግን እንዲያ አይደለም። አውራጇ ፊትሽ ናት፤ ተቀባዩ በግራሽ ነው፣ በቀኝሽ ነው፣ ከኋላሽ ነው። አዝማቹ ሲመለስ ጀርባሽን ነው የሚመታሽ። እናትሽን አምጥተን እንቅዳቸው።»

የኩብራ እናት ኡሙሀኒ በአሊዩ አምባና በዙሪያዋ ቆላ ሁሉ የታወቀች አውራጅ ነበረች። ሴቶች ሲሰበሰቡ ከበሮው፣ ድቤው ፊት የምትቀመጠው እሷ ናት። ግጥም አጥንታ አትመጣም፤ እዚያው ተቀምጣ፣ የሰውን ፊት እያየች ታወጣዋለች። አንድ ጊዜ ያለችውን ድገሚ ቢሏት፣ «ሄዷል እኮ፤ እንዴት አድርጌ ልጥራው?» ነበር መልሷ።

በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ለመውሊድ ኡሙሀኒ የሰፈሯን ሴቶች አስከትላ አቀበቱን ወጣች፤ አንኮበር ደርሰው ከዚያ በዓወል መኪና ደብረ ብርሃን ገቡ። ቆላ የለመደ ሰውነታቸው በውርጩ እየተንቀጠቀጠ፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበው ሳሎኑን ሞሉት። ዓወል አራት ማይክራፎን በአራቱ ማዕዘን አቆመ፤ አንዱን ጥንድ አማቱ ፊት፣ ሌላውን ጥንድ ከተቀባዮቹ በኩል።

ኡሙሀኒ ማይክራፎኑን አየችና፣ «ብረት ፊት ተቀምጬ ምን ልል ነው?» አለች።

«ብረቱን አይዩት» አላት ዓወል። «ኩብራን እያዩ ይበሉ።»

ኩብራን እያየች አለች። ከምሳ በኋላ የጀመረች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው ያበቃችው። የአዝማቹ ቃል አጭር ነበር፤ እሷ ስንኟን ስትጨርስ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ፣ ዓወልም ከኋላ በወፍራም ድምፁ እየገባበት፣ «አላህ ያውቃል፣ እሱ ያውቃል» ይላሉ። ክሩ ሲያልቅ መልሰው ከፈቱትና ሁሉም በየተራ መሀል ወንበሩ ላይ እየተቀመጡ ራሳቸውን ሰሙ። የኡሙሀኒ እህት ሰሊሃ ተነስታ ከኋላ ያለውን ስፒከር በመዳፏ ዳበሰችው። «ወላሂ እኔ እዚህ ውስጥ ገብቻለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። በቀጣዩ ዓመት የምሥራቁ ጦርነት ሲነሳ ሹፌሮች ከነመኪናቸው ተሰበሰቡ። ዓወል ሲሄድ የቴፑን አያያዝ አንድ በአንድ አሳይቷት ነበር፤ ይሄ ለሁለት ስፒከር፣ ይሄ ለአራት፣ ይሄንን ቀይ ከተጫንሽ የነበረው ይጠፋልና እንዳትነኪው። መኪናውም እሱም አልተመለሱም። ለምን፣ የት፣ እንዴት ብላ ብትጠይቅ የሚመልስላት አልተገኘም። ሁለት ዓመት ቆይቶ እናቷ ታመመች የሚል መልእክት ከቆላ መጣ። ያን ጊዜ ከከተማ ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ማውጣት ግድ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ደምመላሽ «ስብሰባ አለ፣ ከስብሰባው በኋላ» እያለ አመላለሳት። ወረቀቱን ይዛ አሊዩ አምባ ስትደርስ ኡሙሀኒ ተቀብራ፣ ሰዉም ከለቅሶው ተበትኖ ነበር።

እንግዲህ ለኩብራ እናቷን መጠየቅ ማለት ቴፑን መክፈት ሆነ። ጁምዓ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ሱቋን ዘግታ፣ ሳሎኗ መሀል ወንበሯን አድርጋ ትቀመጣለች። እናቷ ከፊቷ ትላለች። ሴቶቹ ከኋላዋ ይመልሳሉ። የዓወል ድምፅ በቀኝ ትከሻዋ በኩል ይመጣል። አታለቅስም ነበር። ስትነሳ ፊቷ በርቶ፣ ለሰው ሰላምታ መስጠት ትጀምራለች።

ደምመላሽን ኩብራ ድሮም ታውቀዋለች። ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት ጀምሮ ደንበኛዋ ነው፤ ከሆነ ወዲህ ደግሞ የሱሪዎቹን ወገብ እየደጋገመች ያሰፋችለት እሷ ናት። መጥፎ ሰው ነው ብላ አስባ አታውቅም ነበር፤ ትንሽ ሰው ነው ብላ ነበር የምታስበው። የይለፉ ነገር ከመጣ በኋላ ግን ሱሪውን ስትቀበለው ዓይኑን አታይም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አስከትሎ ቤቷ መጣ። አንደኛው ወርቅአገኘሁ የሚባል የአንኮበር ሰው ነው፤ ዝምተኛ፣ ጠመንጃውን እንደ ሰው ዕቃ ራቅ አድርጎ የሚይዝ።

«ጓድ ኩብራ፣ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ልናከብር ነው» አለ ደምመላሽ። «አዳራሹ ድምፅ ማጉያ ያስፈልገዋል።»

«የኔ የሳሎን ዕቃ ነው። ለአዳራሽ አይሆንም።»

«ዛሬ የኔ የሚባል ነገር አለ እንዴ? የሁላችንም ነው።»

«የሁላችንም ከሆነ የለበስከውን ካፖርት አውልቀህ ለወርቅአገኘሁ ስጠው፤ ይኸው ብርድ እየጠበሰው ነው።»

ወርቅአገኘሁ ጣሪያውን አየ። ደምመላሽ ፊቱ ቀላ፤ ግን አልጮኸም። ስፒከሮቹን አንሱ ብሎ በእጁ አመለከተ። ኩብራ ቴፑ ላይ ያለውን ክር ልታወጣ ስትል እጇን ገታት።

«እሱም ይሂድ። ንግግር የምንቀዳበት ክር ከተማው ውስጥ የለም።»

«ያ የእናቴ ድምፅ ነው!» አለች። ድምፅዋ እስከ ይመኙሻል ቤት ተሰማ። «ሌላ ቦታ የለም። እሷም የለችም። ስማኝ ደምመላሽ፣ ያንን ክር እንዳትነካው!»

«አይነካም፣ ቃሌ ነው» አለ። «ሌላ ይፈለጋል። ከበዓሉ በኋላ ሁሉም እንዳለ ይመለስልሻል።»

በዓሉ ተከበረ። ቀይ ጨርቅ በየአጥሩ ተሰቀለ፤ ኩብራም በትእዛዝ ስትሰፋው ከረመች። ከበዓሉ በኋላ ሄደች፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለች። ደግማ ሄደች፤ «ቁልፉ የለም።» ስትሄድ፣ ስትመለስ፣ ግቢዋን ስትጠርግ መስከረም አለቀ። በዚያው ሰሞን ከቆላ የሚመጣው ወሬ ጥሩ አልነበረም። ዝናሙ ቀርቶ ማሽላው ቆሞ ደርቋል፤ ከይፋት በኩል ሰዎች ልጆቻቸውን እየጎተቱ አቀበቱን ይወጡ ጀመር። ኩብራ አክስቷን ሰሊሃን እያሰበች እህል ቋጥራ ልትልክ በአዳራሹ በኩል ስታልፍ የሷ ስፒከሮች ማርሽ ሲጮሁ ትሰማ ነበር።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወርቅአገኘሁ ብቻውን መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ ኩብራ፣ ሊቀመንበሩ ይፈልጉሻል። ቴፑ ተበላሽቷል መሰለኝ፤ ከአራቱ ሁለቱ አይናገሩም። ነገ ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል፤ የበዓሉን ንግግራቸውን እንዲሰማላቸው ይፈልጋሉ። አዳራሹ ከአራቱም ማዕዘን ይጩህልኝ ብለዋል።»

ኩብራ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተከተለችው። አዳራሹ ባዶ ነበር። ሁለቱ ስፒከሮች መድረኩ ላይ፣ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆመዋል። የተበላሸ ነገር አልነበረም። ቴፑ በሁለት ስፒከር ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ማንም ወደ አራት ማዞሩን አላወቀበትም። ክሩን አየችው። የተጠቀለለበትን ሰሃን አየችው፤ የእናቷን ክር እንድትለይበት ዓወል በእስክሪብቶ የሳላት ትንሽ ጨረቃ ጠርዙ ላይ አለች።

ከፈተችው።

ከመድረኩ የደምመላሽ ድምፅ ወጣ፤ «የተከበራችሁ የቀበሌያችን ነዋሪዎች!» ማዞሪያውን ወደ አራት አዞረችው። ከበሩ በኩል ድቤ ተመታ። ሴቶቹ፣ ዓወልም አብሮ፣ «አላህ ያውቃል፣ እሱ ያውቃል» አሉ።

ወርቅአገኘሁ ጠመንጃውን ይዞ ወደ በሩ ዞረ። ማንም አልነበረም።

ኩብራ ክሩን መለሰች፣ ወደፊት ወሰደች፣ መሀሉን ከፈተች፣ መጨረሻውን ከፈተች። የትም ብትከፍተው ያው ነው። ክሩ ለእያንዳንዱ ስፒከር የየራሱ መስመር አለው፤ ደምመላሽ ንግግሩን ያስቀዳው በፊተኞቹ ሁለት መስመር ላይ ነው፤ የኋለኞቹን ሳይነካቸው ቀርቷል፣ መኖራቸውንም አላወቀ። ንግግሩ፣ ማርሹ፣ ጭብጨባው፣ ከዚያም የሚያጠፋው ሰው ጠፍቶ ቴፑ እስከ ጫፉ የቀዳው የአዳራሽ ጫጫታ። ከኋላ ሁሉም አሉ። ሰሊሃ አለች፣ ዓወል አለ፣ ራሷ ኩብራ ሳትቀር አለች። ኡሙሀኒ ከነበረችበት ቦታ ላይ ግን የለችም።

«ይሄ ምንድን ነው እትዬ ኩብራ?» አለ ወርቅአገኘሁ።

«እናቴ ናት» አለች። «እናቴ የተቀመጠችበት ላይ ሊቀመንበርህ ተቀምጦበታል።»

መጀመሪያ የመጣላት ቴፑን አንስታ ከመድረኩ ላይ መወርወር ነበር። እጇን ሰደደች፤ ከዚያ መለሰችው። ስፒከሮቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። የኋለኞቹን ድምፅ ከፍ አደረገች።

«ልንገራቸው?» አለ ወርቅአገኘሁ ቀስ ብሎ። «ነገ እንዳይከፍቱት…»

«ምን አለ እሱ? ከአራቱም ማዕዘን ይጩህልኝ አይደል ያለው? ይጮህለታል።»

ወርቅአገኘሁ ወደ በሩ ሄዶ ቆመ። «እኔ እንግዲህ በር ላይ ነበርኩ» አለ። «ምንም አልሰማሁም።»

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ የቀረ የስኳር ራሽኑን እንደሚያጣ ተነግሮ ነበርና። የአውራጃው እንግዳ ካኪ ለብሶ ከደምመላሽ ጎን ተቀመጠ። ደምመላሽ ጥቂት ቃል ተናግሮ፣ የበዓሉ ንግግር «ለታሪክ የተቀዳ» መሆኑን አብራርቶ፣ ለኩብራ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ምልክት ሰጣት። እሷ ቴፑ አጠገብ ቆማ ነበር። ከፈተችው።

«የተከበራችሁ የቀበሌያችን ነዋሪዎች!» አለ የደምመላሽ ድምፅ ከፊት።

«አላህ ያውቃል፣ እሱ ያውቃል!» አሉ ሴቶች ከኋላ።

ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ዞረ። በሩ ላይ የቆመው ወርቅአገኘሁ ብቻ ነው። ሰዉ መልሶ ወደ መድረኩ ዞረ። ደምመላሽ የሆነ ሰው ውጭ የሚዘፍን መስሎት በእጁ «በሩን ዝጉ» የሚል ምልክት አሳየ። ተዘጋ። ድቤው ይበልጥ ተሰማ።

«ባለፈው ዓመት በቀበሌያችን ስኳርና ዘይት ያለ አድልዎ ለሁሉም በእኩልነት ተከፋፍሏል!»

«አላህ ያውቃል፣ እሱ ያውቃል!»

መሀል ላይ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ሳል አደረገው። አጠገቡ ያለውም ሳለ። ሳሉ በአዳራሹ ተዛመተ።

«የአርሶ አደሩ ምርት ከምንጊዜውም በላይ አድጓል!»

ከቆላ የመጡ ዘመዶች በየቤቱ ተጠግተው የነበሩበት ጥቅምት ነው። ሳሉ ቀጥ አለ። ሴቶቹ ከኋላ ሲመልሱ፣ ይመኙሻል ከተቀመጠችበት ሆና፣ ማተቧን በጣቷ ይዛ፣ አብራቸው አለች፤ «እሱ ያውቃል።» ከጎኗ ያለች ሴት ተከተለች። ቀጥሎ ወንዶቹ። ማንም አልተነሳም፣ ማንም አልጮኸም፤ አንገታቸውን ደፍተው በየተቀመጡበት፣ ንግግሩ ዐረፍ ባለ ቁጥር፣ ክርስቲያኑም እስላሙም «እሱ ያውቃል» ይሉ ጀመር።

ደምመላሽ ያን ጊዜ ገባው። «አጥፊው!» ብሎ ብድግ አለ።

ኩብራ ቴፑ ላይ ተደግፋ ቆመች። «የትኛውን ነው የማጠፋው?»

«አጥፊው አልኩሽ!»

«ማጥፋትስ አንተ ታውቅበታለህ! ስሙ እናንተ ሰዎች፤ እናቴ ኡሙሀኒ የተቀዳችበት ክር ነው ይሄ። አይነካም ብሎ ከቤቴ አስወጥቶ፣ እሷን ፍቆ የራሱን ወሬ ሞላበት! ታማ ልደርስላት ስል ይለፍ ከለከለኝ፤ ዝም አልኩ። ከተቀበረችም በኋላ ድምፅዋ አላስቀምጥ ብሎት ነው? በል አንተ አጥፋው፤ እኔ የሰው ድምፅ ማጥፋት አልለመድኩም!»

ደምመላሽ እየተደናቀፈ መጥቶ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው። ጥቅሉ እየቀዘቀዘ ዞሮ ቆመ።

ከአዳራሹ በቀጥታ ወስደው የቀበሌው እህል ማከማቻ በነበረ ክፍል ውስጥ ዘጉባት። ክሱ ሃይማኖትን ሽፋን አድርጋ የሕዝብ ስብሰባ አውካለች የሚል ነው። ኩብራ ሲጠይቋት የምትመልሰው አንድ ነገር ነበር። «እኔ ክፈቺ ተባልኩ፣ ከፈትኩ። የቀዳው ማን ነው? የቀዳውን ጠይቁት።» ይመኙሻል በየቀኑ ምግብ ታመጣላት ነበር፤ ከአይብና ከጎመን በቀር ሌላ አልነበረውም፤ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ ብታመጣላት ኩብራ እንደማትበላው ታውቃለች። ኩብራ በብርዱ ጉልበቷ ተያዘ። ቁጣዋን የምትጠርግበት ግቢ እንኳ ስላልነበራት እዚያች ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለስ ነበር።

ያስፈታት ፍርድ አይደለም። የአውራጃው እንግዳ እሱ ራሱ በተቀመጠበት ሕዝቡ እንደዚያ ማለቱ ወደ ላይ እንዳይሰማ ፈራ። ደምመላሽን ወርቅአገኘሁ ባለበት አስጠርቶ፣ «ክሩን ስትወስድ ምን እንዳለበት ታውቅ ነበር?» አለው።

«ባዶ ነው የመሰለኝ» አለ ደምመላሽ።

«ያውቁ ነበር» አለ ወርቅአገኘሁ። ሳይጠይቁት ነው የተናገረው። «አይነካም ብለው ቃል ሲሰጧት እኔ ቆሜ ነበር።»

ወርቅአገኘሁ በዚያው ሳምንት ጠመንጃውን አስረክቦ ወደ አንኮበር ገበሬነቱ ተመለሰ፤ ተባረረም ይባላል፣ ራሱ ሄደም ይባላል። ኩብራ ስለ ነገሩ ዳግመኛ ትንፍሽ እንዳትል ተነግሯት ወጣች። ቴፑና ክሩ ተመለሱላት። ከስፒከሮቹ ግን የኋለኞቹ ብቻ ናቸው የመጡት፤ መድረክ ላይ የነበሩት ሁለቱ «ለሕዝብ ጥቅም» አዳራሹ ውስጥ ቀሩ። ደምመላሽም ምንም አልሆነ። በሚቀጥለው ዓመት አድጎ ወደ አውራጃ ተዛወረ። ሽኝት ሲደረግለት መዋጮ የሚሰበስቡት ሰዎች በሯን ሲያንኳኩ ኩብራ ከውስጥ ሆና፣ «የኔን አስቀድሞ ወስዷል በሉት» አለች።

ድርቁ ጋብ ሲል ሰሊሃና አብረዋት ከተቀዱት ሴቶች የተረፉት ሊጠይቋት ከአሊዩ አምባ መጡ። ሰሊሃ ከስታ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ምላሷ ግን እንደነበረ ነው። ኩብራ የሆነውን ስትነግራቸው ሰሊሃ የአዳራሹ ታሪክ ላይ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ስለ ስኳሩ ሲል እኔ መለስኩለት? አልሀምዱሊላህ!» አለች። ቀጥሎ፣ «በይ ክፈቺው» አለች።

ሁለቱን ስፒከሮች አቀራርበው ከፈቱ። አዝማቹ መጣ፤ ከዚያ ጸጥታ፤ ከዚያ አዝማቹ እንደገና። ሴቶቹ የሚመልሱት ለማንም አልነበረም። ኩብራ ጥርሷን ነክሳ ቆማ ነበር። ሰሊሃ ግን ድንገት እጇን አነሳች።

«ዝም በሉ! ድምፁን ጨምሪው።»

ኩብራ እስከ መጨረሻው ጨመረችው። ከክሩ ጫጫታ ሥር፣ ሴቶቹ ዝም በሚሉበት በዚያች ትንፋሽ በምታህል ጊዜ፣ ሌላ ድምፅ አለ። ኡሙሀኒ ናት። በዚያች ጠባብ ሳሎን ውስጥ ድምፅዋ የኋለኞቹ ማይክራፎኖች ድረስ ደርሶ ኖሯል። ቀጭን ነው፤ ወንዝ ማዶ ቆማ የምትጣራ ይመስላል። ዜማው ይሰማል፤ ቃሉ አይያዝም።

ሴቶቹ ስፒከሩ ላይ ተደፉ።

«ዝናሙ ሲጠፋ፣ ነው ያለችው» አለች ሰሊሃ።

«አይደለም» አለች ኩብራ። «ዘመኑ ሲከፋ ነው።»

«አጠገቧ ነበርኩ እኮ!»

«እኔ ፊቷ ነበርኩ! እኔን እያየች ነው ያለችው!»

ሌሎቹም ገቡበት፤ ገሚሱ ዝናም፣ ገሚሱ ዘመን። ከፈቱት፣ መለሱት፣ ከፈቱት። ኩብራ በመጨረሻ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች። «ግልጽ ነበረ እኮ! እንደ ቀን ብርሃን ግልጽ ነበረ፤ እያንዳንዷ ቃል! ጁምዓ በመጣ ቁጥር እየሰማሁት እንዴት አልያዝኩትም? ሁልጊዜ የሚኖር መስሎኝ ነዋ!» ከዚያ እርግማኑ መጣ፤ ደምመላሽን፣ ካፖርቱን፣ ንግግሩን፣ ሰፍታው በየአጥሩ የተሰቀለውን ቀይ ጨርቅ ሁሉ ረገመች። ሴቶቹ አላስቆሟትም። ሰሊሃ እንደውም ስትደክም አዲስ እርግማን ታቀብላት ነበር።

አክስትና የእህት ልጅ ግን በዚያች ስንኝ ሳይስማሙ ነው የተለያዩት። ሰሊሃ ቆላ ከወረደች በኋላ፣ ከአሊዩ አምባ ገበያ ጨውና በርበሬ ይዞ የሚወጣ ነጋዴ ሁሉ የኩብራ ሱቅ ጎራ እያለ፣ «አክስትሽ ዝናም ነው ብላሻለች» ይላታል። ኩብራም ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ «ዘመን ነው በላት» ትለዋለች። ነጋዴው ከወጣ በኋላ የስፌት መኪናዋን ጎማ ገታ አድርጋ ትነሳና መጥረጊያዋን ትፈልጋለች።